የደል ቶሮ «ፍራንከንስታይን»፦ ፍጡሩን ንጹሕ ማድረግ ውለታ ነው ወይስ በደል?

የሌሊት ፈረቃ

ያላያችሁት ከዚሁ ተመለሱ፤ መጨረሻውን ሳልደብቅ ነው የምጽፈው።

ሜሪላንድ ውስጥ ፓርኪንግ ነው የምሠራው፣ የሌሊቱን ፈረቃ። ከስምንት ሰዓት በኋላ መኪናውን የሚያወጣ ሰው ስለማይኖር ፊልም የማየው እዚያችው ጠባብ ክፍል ውስጥ በስልኬ ነው። የጊየርሞ ደል ቶሮን «ፍራንከንስታይን» በሦስት ሌሊት ጨረስኩት። አለቀስኩ፣ አልዋሽም። ፍጡሩን የሠራው ሳይንቲስት ቪክተር በመርከቧ ውስጥ እየሞተ «ልጄ» ሲለው፣ ያ ግዙፍ ፍጡርም ይቅር ሲለው፣ እንባዬን መያዝ አቃተኝ።

ቤት ገብቼ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። የተሸወድኩ መሰለኝ።

የሜሪ ሼሊን መጽሐፍ ልጅ ሆኜ አሳጥረው ባዘጋጁት እትም አንብቤዋለሁ፤ ዘንድሮ ደግሞ ሙሉውን በድምፅ አዳመጥኩት። እዚያ ውስጥ ፍጡሩ ገዳይ ነው። የቪክተርን ትንሽ ወንድም ዊልያምን፣ ገና ሕፃን ልጅ፣ አንቆ ይገድለዋል። ልጁ አንገት ላይ የነበረችውን ሥዕል ወስዶ ጀስቲን በምትባል የቤቱ ልጅ ልብስ እጥፋት ውስጥ ይደብቃል፤ እሷም ባልሠራችው ወንጀል ትሰቀላለች። ከዚያ የቪክተርን ጓደኛ ክለርቫልን። ከዚያ በሠርጓ ሌሊት ኤልሳቤጥን። የዊልያምንና የጀስቲንን ሞት ካወቅን በኋላ ነው አፉን ከፍቶ በደሉን ሲነግረን የምናዝንለት። ማዘኑ ያስጨንቃል፤ መጽሐፉም የሚይዘኝ እዚያ ላይ ነው።

ፊልሙ ላይስ? ዊልያም ያደገ ሰው ነው፣ የሚሞተውም በግርግር መሀል ነው። ጀስቲን የለችም። ኤልሳቤጥን የሚገድላት የቪክተር ጥይት ነው። ፍጡሩ መርከበኞችን ይገድላል፣ እሺ፣ ግን ስማቸውን እንኳ አናውቅም፣ ደግሞም እየተኮሱበት ነበር። ደሙን ሁሉ ከእጁ አጥበውለት አባቱ ላይ አፈሰሱት። ለእሱ ያደሉለት መስሏቸው ትልቁን ነገር የወሰዱበት አይመስላችሁም?

ቃልዬ ሲኤምሲ

ወንድሜ እንቅልፍ ስላጣህ ነው 😂 ሰውዬው ከሬሳ ተሰፍቶ፣ በሰንሰለት ታስሮ፣ ተደብድቦ፣ ግንቡ በላዩ ላይ ተቃጥሎ፣ አሁንም «ለምን ሕፃን አልገደለም» ትላለህ? በቃ አንዴ እንኳ ይዘንለት።

ደግሞ እኔን የነካኝ ሌላ ቦታ ነው። የቪክተር አባት ትምህርቱን ሲሳሳት ልጁን ሲመታው ታያለህ። ቆይቶ ቪክተር ራሱ ያንኑ ዱላ በፍጡሩ ላይ ያነሣል። እኛ ቤት «ልጁን የሚወድ ይቀጣዋል» እየተባለ ነው ያደግነው። ፊልሙን ካየሁ በኋላ ለአባቴ ደወልኩና ምንም ሳልል ስለ ዝናብ አውርተን ዘጋሁ።

የአምባሰል ልጅ

የእንግሊዝኛ መምህርት ነኝ፣ ደሴ። ሰው ሁሉ ስለ ግድያው ሲያወራ የሚረሳውን ልጨምር፤ ማን ለማን ነው የሚናገረው?

መጽሐፉ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርቦ ነው የተሠራው። ዋልተን የሚባለው ካፒቴን ለእህቱ ደብዳቤ ይጽፋል፤ ደብዳቤው ውስጥ ቪክተር ይናገራል፤ ቪክተር ውስጥ ደግሞ ፍጡሩ ይናገራል። ማለትም የፍጡሩን ረጅም ታሪክ የምንሰማው በጠላቱ አፍ ነው። ራሱ ለካፒቴኑ የሚናገረው መጨረሻ ላይ፣ ቪክተር ከሞተ በኋላ፣ አስከሬኑ አጠገብ ቆሞ ነው። ያኔ የሚመልስለት የለም።

ደል ቶሮ ይሄን ሰበረው። ፊልሙን ለሁለት ከፈለና ግማሹን ለፍጡሩ ሰጠው፤ መርከቧ ላይ ወጥቶ፣ ቪክተር በሕይወት እያለ፣ ካፒቴኑ ፊት ተቀምጦ የራሱን ታሪክ በራሱ አፍ ይናገራል። የሌሊት ፈረቃ የወሰዱበትን ቆጠርክ፤ የሰጡትንም ቁጠር እንጂ።

አንድ ሌላ ነገር፣ ከርዕሱ ትንሽ ወጣ ይላል ግን አልችልም ልናገረው። በመጽሐፉ ፍጡሩ ጫካ ውስጥ ሦስት መጻሕፍት አግኝቶ ያነባል፤ አንዱ የጆን ሚልተን «የጠፋችው ገነት» ነው። ራሱን ከአዳምም ከሰይጣንም ጋር የሚያወዳድረው ከዚያ በኋላ ነው። እና ሚልተን በአራተኛው ክፍል ስለ ገነት ሲጽፍ የአቢሲኒያ ነገሥታት ልጆቻቸውን የሚያስጠብቁበትን «የአማራ ተራራ» ያነሣል፤ አንዳንዶች እውነተኛዋ ገነት እሷ ናት ይላሉ ብሎ። የኛው ግሸን ናት! ነገሥታቱ ወንድ ልጆቻቸው ዙፋን እንዳይሻሙ አምባው ላይ የሚያስቀምጡበት። ያ ምስኪን ፍጡር ቅጠል ላይ ተቀምጦ ስለ ግሸን አንብቧል ማለት ነው፤ አባቶች ልጆቻቸውን ስለሚዘጉበት ተራራ። ሜሪ ሼሊ ይሄን አስባ ነው አልልም። እኔ ግን ክፍል ውስጥ ስናገረው ተማሪዎቼ ጸጥ ይላሉ።

ዱብዳ

ኧረ ቲቸር፣ ግሸንን ፍራንከንስታይን ውስጥ አስገባሻት?! በቃ እኛ የሌለንበት ታሪክ የለም 😅

የኔ ጥያቄ ቀላል ነው። ፍራንከንስታይን የጭራቁ ስም ነው አይደል?

ትርጓሜ ቤት

አይደለም ዱብዳ፣ የሠሪው ነው። ፍጡሩ ስም የለውም። በ1823 ለንደን ውስጥ መጀመሪያ ቲያትር ሲደረግ የተዋናዮቹ ዝርዝር ላይ በስሙ ቦታ ሰረዝ ብቻ ነበር የተሰመረው፤ ሜሪ ሼሊ ራሷ ሄዳ አይታ ወደደችው። በ1931 የጄምስ ዌል ፊልም መክፈቻ ላይም በተዋናዩ ስም ፈንታ የጥያቄ ምልክት ነው ያለው።

«ጭራቅ» ያልከው ላይ ግን እከራከርሃለሁ። ሙያዬ ትርጉም ነው፣ ይቺ ቃል ስንት ጊዜ አስቸግራኛለች። የኛ ጭራቅ ሰው በላ ነው። ልጅ እያለን «ጭራቅ መጣ» ተብለን ነው የተኛነው። ይሄኛው ግን በመጽሐፉ ለቪክተር ሲናገር እኔ እንደናንተ ጠቦትና ግልገል አላርድም፣ የዛፍ ፍሬ ይበቃኛል ነው የሚለው። ዓመቱን ሙሉ ጾመኛ የሆነ ጭራቅ የት አለ?

«ፍጡር» ይሻላል፤ እሱም ግን ጣጣ አለው። በአማርኛ ፍጡር ካልክ ወዲያው ፈጣሪ ይከተላል፣ ፈጣሪ ደግሞ አንድ ነው። ቪክተርን «ፈጣሪው» ብለህ ስትጽፍ እጅህ ይንቀጠቀጣል። እንግሊዝኛው ይሄን ያህል አይከብድም፤ በኛ ቋንቋ ግን ድፍረቱ ቃሉ ውስጥ ቁጭ ብሏል። ፈረንጆቹም ቢሆኑ ድሮ ይፈሩ ነበር፤ የ1931ዱ ላይ ሳይንቲስቱ አምላክ መሆን ምን እንደሚመስል አሁን ገባኝ ብሎ የሚጮህባትን ቦታ ፊልሙ ዳግም ሲወጣ በነጎድጓድ ድምፅ ሸፍነዋታል።

ዱብዳ

ቆይ ቆይ። በኛ አገር ቢሆን እኮ ስሙ ቀላል ነበር። አባቱ ቪክተር ነው። ስለዚህ «እገሌ ቪክተር»። ፍራንከንስታይን አያቱ ነው የሚሆነው! ቀበሌ መታወቂያ ሲያወጣ የሚጎድለው የመጀመሪያዋ ብቻ ናት።

የሌሊት ፈረቃ

ዱብዳ ሳታስበው ትልቅ ነገር ተናገርክ። ፊልሙ ላይ ፍጡሩ ለረጅም ጊዜ መናገር የሚችላት ብቸኛ ቃል «ቪክተር» ናት። ሰውዬው ሌላ ቃል ተማር እያለ ይቆጣል። ልጁ ግን የአባቱን ስም ነው የሚደጋግመው።

ጋሽ ሲኒማ

ልጆቼ፣ ሰባውን ያለፍኩ ሰው ነኝ፤ በስልክ ስጽፍ ፊደል ብስት ይቅር በሉኝ።

እኔ ይሄን ታሪክ መጀመሪያ ያየሁት አምባሳደር ሲኒማ ነው፣ የእንግሊዞቹን የሃመር ኩባንያ ሥራ። በ1957 የተሠራ፣ ፍራንከንስታይን በቀለም ሲታይ የመጀመሪያው። ደሙ ቀይ ሲሆን ሰው ከወንበሩ ተነሣ። እዚያ ላይ አስፈሪው ፍጡሩ አይደለም። ክሪስቶፈር ሊ አንዲት ቃል አይናገርም፣ እንደ ተመታ ውሻ ነው። አስፈሪው ባሮኑ ነው፤ ፒተር ኩሺንግ፣ ልብሱ ንጹሕ፣ አነጋገሩ ጨዋ፣ ሰው ገድሎ እጁን በፎጣ የሚጠርግ። ስለዚህ ወንጀሉን ወደ አባትየው ማዞር የደል ቶሮ ፈጠራ አይደለም፤ ስልሳ ዓመት አልፎታል።

የሌሊት ፈረቃ ላልከው ግን አንድ ነገር ልንገርህ። በ1931ዱ ፊልም ፍጡሩን የሚጫወተው ቦሪስ ካርሎፍ ሐይቅ ዳር አንዲት ትንሽ ልጅ ያገኛል። አትፈራውም። አበባ ትሰጠዋለች፣ አብረው ውኃ ላይ እየጣሉ ሲንሳፈፍ ያያሉ። አበባው ሲያልቅበት እሷንም የምትንሳፈፍ መስሎት አንሥቶ ይጥላታል። ሳንሱሮቹ መጣሉን «ይዘገንናል» ብለው ቆረጡት። ምን ሆነ መሰለህ? ተመልካቹ እጁን ወደ ልጅቷ ሲዘረጋ ያያል፤ ቀጥሎ አባትየው ሬሳዋን ተሸክሞ በከተማው መሀል ሲሄድ ያያል። መሀሉን ሰው በራሱ ሐሳብ ሞላው፤ የሞላውም በአስቀያሚ ነገር ነው። የተቆረጠው የተመለሰው በ1980ዎቹ ነው፤ ሃምሳ ዓመት ያህል ያ ምስኪን ከሠራው የባሰ ታማ። ወንጀልን ቆርጦ ማውጣት ሁልጊዜ ለተከሳሹ አይጠቅምም።

ሲስተር መ.

ጋሼ፣ የእርስዎን አንብቤ ነው ለመጻፍ የደፈርኩት።

የምሠራው አዲስ አበባ ጨቅላ ሕፃናት ክፍል ነው፤ ያለ ጊዜያቸው የተወለዱት የሚተኙበት። ይሄን መጽሐፍ የሚያስፈራ ታሪክ ብዬ አንብቤው አላውቅም፤ የወላድ ታሪክ ነው የሚመስለኝ። ሜሪ ሼሊ እናቷ የሞተችባት እሷን በወለደች በቀናት ውስጥ ነው፣ በ1797። ራሷ በ1815 መጀመሪያ፣ አሥራ ሰባት ዓመቷ እያለ፣ ያለ ጊዜዋ የተወለደች ሴት ልጅ ነበረቻት፤ ሁለት ሳምንት እንኳ በቅጡ አልቆየችም። ከዚያ ማስታወሻዋ ላይ የጻፈችው ሕልም አለ፦ ሕፃኗ ለካ በርዷት ብቻ ነው፣ እሳት ዳር አሽተው ሲያሞቋት ነፍስ ዘራች። ስትነቃ ልጅ የለም።

ይሄን ሕልም እኔ በየሳምንቱ እናቶች ሲናገሩት እሰማዋለሁ። «ትንሽ ብናሞቃት ኖሮ» ይላሉ። እውነትም አንዳንዴ ሙቀት ነው የሚያድነው፤ ደረቷ ላይ ቆዳ ለቆዳ አስጠግታ የምትይዘው እናት ስንቱን አትርፋለች። ከመብረቅና ከሽቦው ይልቅ ለኔ የታሪኩ ሥር ያቺ እሳት ዳር ያለች ሕፃን ናት። መብረቁንማ ፊልሞቹ ናቸው ያመጡት፤ መጽሐፉ ላይ ቪክተር እንዴት ሕይወት እንደሰጠው በደንብ አይነገርም፣ የኅዳር ዝናባማ ሌሊት ናት፣ ሻማው ሊያልቅ ነው፣ ፍጡሩ ዓይኑን ይገልጣል። አባትየው አይቶት ይሮጣል። ክፍሉ ገብቶ ሲተኛ የአልጋውን መጋረጃ ገልጦ፣ ፈገግ ብሎ፣ እጁን ይዘረጋለታል። እንደገና ይሮጣል።

ሌላው፦ በ1816 ጥር ወንድ ልጅ ወለደች። ስሙ ዊልያም። መጽሐፉን በዚያው ዓመት በጋ ጄኔቫ ሐይቅ ዳር ጀመረችው፣ ታምቦራ የሚባለው እሳተ ገሞራ በፈነዳ በዓመቱ፣ ሰማዩ ጨልሞ በጋ በጠፋበት ጊዜ፤ ጡት የሚጠባ ልጅ ይዛ። እና ፍጡሩ የሚያንቀውን ሕፃን ማን ብላ ሰየመችው? ዊልያም። የራሷን ልጅ ስም። እኔ ይሄን ሳነብ መጽሐፉን አስቀምጬ ውጪ ወጣሁ። የሌሊት ፈረቃ፣ ለዚህ ነው ከአንተ ጋር የምስማማው። ዊልያምን ጎልማሳ ማድረግ ለፊልሙ ጽሑፍ ትንሽ ለውጥ ሊሆን ይችላል። ለኔ ግን እናትየው በጽሑፏ ውስጥ ያስቀመጠችውን ፍርሃት ነው ያወጡባት። ልጇ ደግሞ መጽሐፉ በወጣ በዓመቱ፣ በ1819፣ ሞተ።

ቃልዬ ሲኤምሲ

ሲስተር... ምንም አልልም።

ኩል እና ቀለም

ሜካፕ ሠሪ ነኝ፣ ፊልም ላይም ሠርግ ላይም። ሁላችሁም ስለ ታሪኩ አወራችሁ፣ ፊቱን ማንም አላነሣውም።

የካርሎፍን ፊት ሁሉም ያውቀዋል፦ ጠፍጣፋ አናት፣ አንገቱ ላይ ብሎን። ጃክ ፒርስ ነው የሠራው። ያ ፊት የዩኒቨርሳል ኩባንያ ንብረት ስለሆነ ነው ጋሽ ሲኒማ ያዩት የሃመሩ ፍጡር የማይመስለው፤ እንዳይከሰሱ ሌላ ፊት መፍጠር ነበረባቸው። በ1994 የኬኔት ብራና ፊልም ላይ ሮበርት ደ ኒሮ የተሰፋ ነው፤ ጠባሳው ገና ያልዳነ፣ ሰው አደጋ ደርሶበት ሆስፒታል የወጣ ነው የሚመስለው። ማይክ ሂል ለደል ቶሮ የሠራው ግን የቁስል ስፌት የለበትም ማለት ይቻላል። መስመሮች ናቸው፣ እንደ ካርታ፣ ቆዳው እንደ እብነ በረድ። ፍጡሩን በሚጫወተው ጄኮብ ኤሎርዲ ላይ 42 ቁራጭ ይለጠፍ ነበር፣ ሙሉውን ለመልበስ 10 ሰዓት። እኔ ለአንድ ሽማግሌ ጺም ሁለት ሰዓት ስጠይቅ ፕሮዲውሰሩ ይጮህብኛል፣ እሱን ተዉት።

ማለት የፈለግኩት፦ የሌሊት ፈረቃ ያልከው ነገር ፊቱ ላይ ተጽፏል። ውብ ነው። አስቀያሚ ያልሆነ ፍጡር ሠርተው ሰው ሁሉ በማየት ብቻ ድንጋይ ሲወረውርበት አያሳምንም። ሜሪ ሼሊ የጻፈችው ስምንት ጫማ ቁመት ያለው፣ ቆዳው ቢጫ፣ ከንፈሩ ጥቁር ነው። ኤሎርዲን ግን ጓደኞቼ ስልካቸው ላይ ፎቶው አለ!

ሸገር በአትላንታ

ጥሩ ውይይት ነው፣ ግን ሁላችሁም አንድ ፊልም ላይ ተተክላችኋል። ታሪኩን አዲስ አድርገው የነገሩት እኮ ስሙን ያልያዙት ናቸው። የላንቲሞስ «ፑር ቲንግስ» በ2023 ወጣ፣ ኤማ ስቶን ኦስካር ወሰደችበት። እዚያ ላይ ከሞት የተነሣችው ሴት ናት፤ አባቷ የሚሆነው ዊለም ዳፎ ፊቱ የተሰፋው እሱ ነው፤ ስሙም ጎድዊን፣ የሜሪ ሼሊ አባት ስም። አትለምንም፣ ይቅርታም አትጠብቅም፤ ሻንጣዋን ይዛ ትሄዳለች።

ሌላው በዚያው ዓመት የወጣ «ዘ አንግሪ ብላክ ገርል ኤንድ ኸር ሞንስተር» ነው። ጥቁር አሜሪካዊት ጎረምሳ፣ ወንድሟ ሰፈር ውስጥ ይገደልባታል፣ ሞት በሽታ ነው፣ በሽታ ደግሞ ይድናል ትላለች። ወንድሟን ታስነሣዋለች። ተነሥቶ ይገድላል። የሌሊት ፈረቃ የምትፈልገው እኮ ይሄው ነው፦ የምትወደው ሰው፣ የተበደለ፣ እና ገዳይ። በትንሽ ገንዘብ ነው የተሠራው፣ ብዙ ሰው አላየውም። እኔ ልጆቼን ይዤ እዚህ አገር የማሳድግ ነኝና ፖሊስ በር ሲያንኳኳ ያለው ትዕይንት ላይ አቁሜ ነው የጨረስኩት።

የሌሊት ፈረቃ

ሸገር አመሰግናለሁ፣ ሁለተኛውን ትናንት ማታ አየሁት። እንዳልከው ነው።

አሁን የገባኝን ልጻፍ፣ ሳልረሳው። አጎቴ አገር ቤት ሽማግሌ ነበሩ፣ የደም እርቅ ያስታርቁ ነበር። ልጅ ሆኜ አንዴ ወስደውኛል። ሁለቱ ወገኖች ተራርቀው ይቀመጣሉ፣ መሀል ላይ ሽማግሌ፣ አንዱ ተናግሮ ይጨርሳል፣ ከዚያ ሌላው። መቋረጥ የለም። መምህርት ያልሽው የመርከቧ ትዕይንት በትክክል እንደዚያ ነው፤ ካፒቴኑ ሽማግሌ ሆኗል። እዚያ ላይ ተሸንፌልሻለሁ።

ግን አጎቴ አንድ ነገር ይሉ ነበር። ሁለቱም እጅ ላይ ነገር ካልተገኘ እርቅ አይባልም፣ ምሕረት ነው። ምሕረት ያደረገ ሰው ከፍ ብሎ ይሄዳል፤ እርቅ የተቀበለ ሰው ግን የራሱን ጥፋት ተሸክሞ፣ ካሣውን ከፍሎ ነው ወደ ሰው የሚመለሰው። ደል ቶሮ ለፍጡሩ ምሕረት የማድረግን ክብር ሰጠው። መርከቧን ከበረዶው ገፍቶ ያስለቅቃል፣ ፀሐይ ስትወጣ ፊቱን ያዞርላታል፣ ያምራል። ግን ብቻውን ነው የቀረው፣ እንደ ቅዱስ። እኔ እርቁን ነበር የምፈልግለት።

ጋሽ ሲኒማ

አጎትህ አዋቂ ነበሩ። ነገር ግን ልጄ፣ ለእርቅ የተበዳዩ ቤተሰብ መገኘት አለበት። የትንሹን ልጅ፣ የተሰቀለችውን ሴት ወገን ማን ይወክላቸው? መጽሐፉም ላይ እኮ ማንም አልጠራቸውም።

የአምባሰል ልጅ

የጀስቲን እናት ቀድማ ሞታለች፣ ጋሼ። የሚቀመጥላት ሰው አልነበረም።

ዱብዳ

እኔ ፊልሙን አሁን ልጀምረው ነው። መብራት እስኪሄድ።

ሲስተር መ.

ዱብዳ፣ ስለ ስሙ የቀለድከው ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። እኛ ክፍል ስም ያልወጣለት ሕፃን ክንዱ ላይ በምናስረው ፕላስተር «የአልማዝ ልጅ»፣ «የከድጃ ልጅ» ብለን ነው የምንጽፈው። እናትየው ከሞተችም ያው ነው፣ ስሟ አይነሣም። ዛሬ ሌሊት ተረኛ ነኝ፤ አራት አሉ።